ባልና ሚስት ብቻ የሚያዞሩት ሻማ

መዘግየት ያመኛል። ሥራዬም ሕመሙን አባብሶታል፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ አንድ ፌርማታ ላይ ሦስት ደቂቃ ከዘገየሁ ወላጅ ሁሉ ስልኩን አንስቶ ቢሮ ይደውላል። ስለዚህ የልጄ እጮኛ ቤተሰቦች «የሙሽራው ወገን በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ሰባት ተኩል ላይ በራችን ይሰለፋል» ሲሉኝ በጣም ደስ አለኝ። በዚህ አገር የእኛን ሰው ሰርግ ስጠራ ስንት ዓመቴ! ካርዱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሙሽሪት ፀጉሯን ልትሠራ የምትቀመጥበት ሰዓት ነው። እኔ ግን በተጻፈው ሰዓት እየደረስኩ ከአዳራሹ ሠራተኞች ጋር ወንበር ስደረድር የኖርኩ ሴት ነኝ። በመጨረሻ፣ ሰዓት የሚያከብሩ አማቾች ሰጠኝ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ምራቴ ክሜር ናት። ወላጆቿ ከካምቦዲያ በስደት መጥተው አሌክሳንድሪያ ቤት ገዙ፤ እሷንም እዚያው ወለዱ። ልጄን ያገኘችው ኮሌጅ ነው። መጀመሪያ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ «ሃይማኖቷስ?» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ እኔም ሌላ መልስ ስላልነበረኝ «ምግባሯ ጥሩ ነው» እያልኩ አለፍኳቸው። ደግሞም እውነቴን ነበር። ቤቴ በመጣች ቁጥር ሳልነግራት ዕቃ ታጥባለች፤ ልጄ ራሱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን አልለመደም።

ከሰርጉ አንድ ወር በፊት እናቷ ሥርዓቱን ልታስረዳኝ ቤቷ ጠራችኝ። ልጄ ነዳ፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ደረስን። ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ያለች አጭር ሴት ናት፤ ልብስ እያሳጠረችና እያሰፋች ስለምትኖር የጣቶቿ ጫፍ በመርፌ ጠንክሯል። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ስለሆነ እህቷ በመሐላችን ተቀምጣ ትተረጉም ነበር።

«መጀመሪያ እናንተ ፍራፍሬና ጣፋጭ በሳህን ይዛችሁ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተሰልፋችሁ ትመጣላችሁ» አለች እህትዮዋ።

«እሺ።»

«የምታመጡት ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። ለብቻው የሆነ ነገር ሰርግ ቤት አይገባም።»

«እሺ፣ ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ የሙሽሮቹን ፀጉር ለምልክት ያህል በመቀስ እንነካለን። የድሮው ኑሮ ተቆርጦ ይውደቅ ማለት ነው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ሁለቱ እህትማማቾች ተያይተው ሳቁ። ልጄ «ማሚ፣ ስሎው ዳውን» አለኝ።

ከዚያ እህትዮዋ ስለ ሻማው ነገረችኝ። ባልና ሚስት የሆኑ ጥንዶች ሙሽሮቹን ከበው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከናስ በተሠራ፣ የቅጠል ቅርጽ ባለው መያዣ ላይ ሻማ ይበራና ከእጅ ወደ እጅ ሰባት ጊዜ ይዞራል። የደረሰው ሰው ሁሉ ጭሱን በመዳፉ ወደ ሙሽሮቹ ይገፋል። «ባለትዳሮቹ በትዳራቸው ያገኙትን በረከት ነው የሚሰጧቸው» አለች። «ስለዚህ ክቡ ውስጥ የሚገባው ትዳሩ የቆመለት ሰው ብቻ ነው። የፈታ አይገባም። የሞተበትም አይገባም። እህቴም አትገባም።»

እናትየዋን አየኋት። ባሏ ከሞተ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። በራሷ ልጅ ሰርግ ከክቡ ውጭ ልትቀመጥ ነው፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም ቅሬታ አልነበረም። እጄን ያዘችና በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች። እህቷ ተረጎመችልኝ፦ «ከሁሉም ይልቅ አንቺና ባልሽ ናችሁ ክቡ ውስጥ የምታስፈልጉት ትላለች። ልጄ የእናንተን በረከት ታገኛለች፤ እሱ ያጽናናኛል ትላለች።»

«በደስታ» አልኩ። አፌ ቶሎ መመለስ ልማዱ ነው።

ችግሩ፣ ባል የለኝም።

በወረቀት እንኳ አለኝ። ግን እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ እሱ አሌክሳንድሪያ መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ለሰው የተነገረው ሌላ ነው። አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ስለሆነ፣ የቀለበት መንገዱ ትራፊክ ስላስመረረው፣ በሥራ ቀን እዚያው ያድራል ብዬ አስወርቻለሁ። በገናና በፋሲካ እኔ ቤት ይመጣል፤ እንግዳው ፊት ዳቦ ይቆርሳል፤ የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ ጃኬቱን ለብሶ እሱም ይወጣል። በር ላይ «በሰላም ግባ» እለዋለሁ፣ ጎረቤት የሸኘሁ ያህል።

ጠብ የለንም። ጠብ ቢኖርማ የሚታረቅ ነገር ይገኝ ነበር። እሱ ዝግተኛ ሰው ነው፤ ጫማውን ሲያስር እንኳ የሚያስብ ይመስላል። እኔ ደግሞ የጀመረውን ንግግር እስኪጨርስ ስለማልታገሥ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እኔው ስጨርስለት ኖርኩ። ላንግሊ ፓርክ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርታማ ሦስታችን ስንኖር፣ እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ፣ ነገሩ አይታወቅም ነበር። ልጁ አድጎ ሲወጣና ቤቱ ሲሰፋብን ታወቀ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ውስጥ ሆኜ ጥሩንባ ሳንባርቅበት ወጣና መስኮቱ አጠገብ ቆመ። «ካንቺ ጋር ስኖር ሁልጊዜ የዘገየሁ ይመስለኛል» አለኝ። በሳምንቱ ዕቃውን ወሰደ። እናቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትል ነበር፤ እኔን እያየች ይሁን አይሁን አላውቅም።

ለምን ደበቅኩት? ኩራት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ማኅበራችን ውስጥ የተጣላ የምሸመግለው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት እንኳ በልትስቪል የሚኖሩ ባልና ሚስት ሊፋቱ ነው ተብሎ ተጠርቼ ሄጃለሁ። ሶፋቸው ላይ ተቀምጬ ስለ ትዕግሥት ያላልኩት ነገር የለም! ሚስትየዋ እያለቀሰች «አንቺስ እንዴት ቻልሽው?» ስትለኝ «በመቻቻል ነው እህቴ» አልኳት። እነሱ ታረቁ፤ እኔ ወደ ባዶ ቤቴ ነዳሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

ከእጮኛው ቤት ስንመለስ ድልድዩ ላይ ልጄ መንገዱን እያየ «ማሚ፣ ጀስት ከዳዲ ጋር ሲት አድርጊ። ቴን ሚኒትስ ነው። ሰው ምን ያውቃል?» አለኝ።

«ሰው ምን ያውቃል» የእኔ ቃል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን መልሶ ሰጠኝ።

«እጮኛህ ታውቃለች?»

«ሺ ኖውስ። እናቷ ግን አታውቅም። ሺ ዊል ቢ ሶ ሳድ፣ ማሚ።»

በማግስቱ ሕፃናቱን አውርጄ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ለባለቤቴ ደወልኩ። ባለቤቴ እያልኩ እንደምጠራው ልብ በሉ፤ አፌ ሌላ ስም አላገኘለትም። «ለአስር ደቂቃ ባሌ ሁንልኝ» ብዬ ነገሩን አስረዳሁት። ዝም አለ። ዝምታውን ራሴ ልጨርስለት ምንም አልቀረኝም።

«ለልጃችን ከሆነ እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን ለሰው ብንናገር አይሻልም?»

«ከሰርጉ በኋላ።»

«ባለፈው ከፋሲካ በኋላ ብለሽ ነበር።»

«ከሰርጉ በኋላ አልኩህ!» ብዬ ዘጋሁበት።

ተስማምቷል፤ ጉዳዩ አልቋል፤ እረፍት ማግኘት ነበረብኝ። አላገኘሁም። እኔ በሻማ ጭስ የማምን ሴት አይደለሁም፤ ያ የእነሱ ነው። በምርቃት ግን አምናለሁ። ምርቃት ካለው ሰው ላይ የሚወጣ ነገር ነው። የሌለውን ማን ይሰጣል? ባዶ እጄን ልጄ ላይ ባራግብ ምን ይደርስበት ይሆን? እንዲህ እያልኩ ሳሰላስል፣ ደግሞ ወዲያው «ባልቀመጥስ?» እላለሁ። ያ ሁሉ ሰው፣ የማኅበሩ ሴቶች፣ የበልትስቪሎቹ ባልና ሚስት፣ ሁሉም ተጠርተዋል። ምግብ አልበላልኝ አለ። ወጥ ጥጄ ረስቼው እወጣለሁ። አንድ ጠዋት ደግሞ አንድ ፌርማታ ሙሉ ዘልዬ አለፍኩ፤ ሕፃናቱ ከኋላዬ ጮኸው ነው ያቆሙኝ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

የሰርጉ ቀን ሰውን ሁሉ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የገበያ ማዕከል ማቆሚያ ላይ ሰበሰብኩ። በፈረንጅ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው እንዲሞላልኝ አምስት ብዬ ነበር የተናገርኩት። ከሀያትስቪል ልጄን ክርስትና ያነሱት አባትና ባለቤታቸው እትዬ መጡ፤ ሁለቱም ሰባን አልፈዋል። እትዬ በትልቅ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ከመኪና ወረዱ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የያዙት?»

«ድፎ ነዋ! ዳቦ ሳይያዝ ሰርግ ቤት ይኬዳል እንዴ?»

«ሁሉ ነገር ጥንድ ጥንድ ነው ብዬዎት አልነበር?»

«አንድ ድፎ ለመንደር ይበቃል፤ ሁለት ምን ያደርጋል?»

«እኔ ነግሬያት ነበር» አሉ ባለቤታቸው ከኋላ።

«ምን ነግረኸኛል አንተ? ዝም ብለሽ ጋግሪ ነው ያልከኝ!»

እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ በዚያው ሲነታረኩ ሄዱ፤ የእኔ መኪና ውስጥ ስለነበሩ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ድፎው በስተመጨረሻ ከአንድ ትልቅ ሐብሐብ ጋር ተጣምሮ ተሰለፈ። የሙሽሪት አክስት፣ ያቺ አስተርጓሚዋ፣ ሁለቱንም ገልመጥ አድርጋ «ክብ ክብ ናቸው፤ ይሁን» አለች።

እዚያ ስንደርስ ባለቤቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ግራጫ ሱፉን ለብሷል፤ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶት ኮሌታው ላይ ሁለት መስመር ወጥቶበታል። ከእኔ ቀድሞ ሲደርስ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ከጎኔ ተሰለፈ፤ ሁለት ሁለት ነውና እኔና እሱ አንድ ጥንድ ሆነን የሙዝ ሳህን ተሸከምን።

ሥርዓቱን የሚመራው ሽማግሌ አቻር ይባላል፤ ነጭ ሐር ለብሶ ከፊት ቀደመ፤ ከበሮ ተመታ፤ እኛም በእልልታ ተከተልን። ሁሉም አምሮ እስከ ደረጃው ደረሰ። እዚያ ላይ ግን የእኛ ሰው ቆመ። የቆመውም የሚያውቀውን ሊያደርግ ነው፤ እኛ ዘንድ የሙሽራው ወገን በር ላይ ሲደርስ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዞ አላስገባም ይላል፤ እየተዘፈነ ይለመናል፤ ይሞገሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሳህኑን ተሸክሞ እያጨበጨበ፣ የሚከለክለው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። ክሜሮቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ መዳፋቸውን ገጥመው፣ እስክንገባ ይጠብቃሉ። እኛ እስኪከለክሉን፣ እነሱ እስክንገባ። ሰዓቴን ሳይ ደሜ ፈላ።

አክስትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምን አጠፋን? ለምን አይገቡም?» አለችኝ።

«እንድትከለክሏቸው እየጠበቁ ነው።»

«ይህን ሁሉ ተሸክማችሁ መጥታችሁ ለምን እንከለክላለን?»

እትዬን ከኋላ ገፋ አደረግኳቸው። «ሳይከለክሉን? ደግሞ ምን ዓይነት ሰርግ ነው!» ብለው አኮረፉ። በመጨረሻ ነገሩ የገባው የሙሽሪት አጎት እየሳቀ መጣና ክንዱን በሩ ላይ ዘረጋ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ! ሰውዬው እጁን ለማንሳት ሁለት ጊዜ ተለመነ፤ ሦስተኛው ላይ እኔ በክንዱ ሥር ሾልኬ ገባሁ።

ጫማችንን አውልቀን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። መነኮሳቱ ጸሎት አደረሱ። የፀጉሩ ሥርዓት ላይ ወላጆች ተጠርተን ተራ በተራ መቀሱን ያዝን። እኔ ቻክ ቻክ አድርጌ ጨረስኩ። ባለቤቴ ግን እውነተኛ ፀጉር እንደሚቆርጥ ሁሉ የልጁን ጆሮ በጣቱ ያዝ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ አየር ቆረጠለት። ልጄ ትንሽ ሳለ ገንዘብ ለመቆጠብ ፀጉሩን የሚያስተካክለው እሱ ነበር።

ከዚያ ባለትዳሮች ተጠሩ።

የሙሽሪት እናት ከልጇ ጎን ተነሳች። ማንም አልነገራትም። የሐር ቀሚሷን አስተካክላ፣ ሰው ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች፣ ሄዳ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። እኔና ባለቤቴ ደግሞ ገብተን ተቀመጥን። አስር ጥንድ ያህል ሆነን ሙሽሮቹን ከበብን። እግር ወደ አንድ ጎን ታጥፎ ነው የሚቀመጡት፤ የእኔ ጉልበት የአውቶቡስ ፔዳል የጨረሰው ስለሆነ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተቁነጠነጥኩ ነበር። ሻማው በራ። መጀመሪያ ፀጉራቸው የነጣ ክሜር ባልና ሚስት ተቀበሉት። አሮጊቷ ለተኛ ልጅ ብርድ ልብስ እንደሚያለብሱ አድርገው ጭሱን ወደ ሙሽሮቹ ገፉት። «ቶሎ ይለፍ፣ ቶሎ ይለፍ» እል ነበር በሆዴ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አልችልም» አለኝ።

«ምኑን?»

«ልጄ ነው። በልጄ ላይ ውሸት አላራግብም።»

ልጨርስለት አፌን ስከፍት ራሱ ጨርሶት ነበር። እጁን ምንጣፉ ላይ ተደግፎ፣ ጉልበቱ እየጮኸ፣ ተነሳና ወደ በሩ ወጣ።

ክቡ ውስጥ ቦታው ባዶ ቀረ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዞረ። ከኋላዬ እትዬ «ስኳሩ ነው፤ ስኳር አለበት እኮ» ሲሉ ሰማሁ፤ አንዱም ውሃ ሊያመጣ ተነሳ። አክስትዮዋ በጉልበቷ እየተንፏቀቀች አጠገቤ ደረሰች። «አመመው?» አለችኝ። ሳልመልስላት ራሷ መላ አገኘችልኝ። «አትጨነቂ፤ እሱ ይረፍ። አንቺ ለሁለታችሁ ትይዢዋለሽ።»

እንዴት ያለ ማምለጫ ነበር! ስኳሩን እንኳ እኔ አልፈጠርኩትም፤ እውነትም ስኳር አለበት። ከእኔ የሚጠበቀው ራሴን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሻማው እኔ ጋ ሊደርስ ሦስት ሰው ቀርቶታል። ልጄን አየሁት። መሐል ላይ እጁን ገጥሞ ስለተቀመጠ አንገቱን ማዞር አይችልም፤ ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ ወርውሯል። «ዝም በይ» ይበለኝ «ተናገሪ» ይበለኝ አላወቅኩም። ሁለት ሰው ቀረው። ዓይኔን ከእሱ ሳነሳ ግድግዳው ጥግ ያለችውን እናት አየሁ። እሷ ባሏን ሞት ወስዶባት፣ አንዳች ሳታጠፋ፣ ለልጇ ስትል ራሷን አውጥታለች። እኔ የራሴን ሰው በገዛ ችኮላዬ አባርሬ መሐል ተቀምጫለሁ። ተናደድኩ፤ በእሱ አይደለም፣ በራሴ።

«አላመመውም» አልኩ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። «ተለያይተናል። ሁለት ዓመታችን ነው። እኔም እዚህ መቀመጥ የለብኝም።»

እትዬ ከኋላ «ምን አለች? ምን አለች?» ሲሉ በአማርኛ ደገምኩት። መቼም የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የበልትስቪሏ ሴት አፏን ከፍታ ታየኛለች። እሷን ላለማየት ቶሎ ልነሳ ስል እግሬ ደንዝዞ ኖሮ ተንገዳገድኩ፤ ሻማውን የያዘው ሰውዬ በአንድ እጁ ደገፈኝ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። የልጄን ሰርግ አበላሸሁ ብዬ ወደ መኪናዬ ልሮጥ አስቤ ነበር፤ የሙሽሪት እናት ግን አጠገቧ ያለውን ምንጣፍ መታ መታ አደረገች። ሄድኩ። ቀሚሷን ሰብስባ ቦታ ሰጠችኝ።

አቻሩ ባዶው ቦታ በጥንድ ይሞላ አለ። ሰው ሁሉ ክርስትና አባቱንና እትዬን ገፋቸው።

«እኛ?» አሉ ሰውየው። «እኛማ ስለ ድፎው ገና አልታረቅንም።»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉ እትዬ። «ለመታረቅ ጊዜ አለን።»

ሻማው ሰባት ጊዜ ዞረ። እትዬ ጭሱን ሲገፉ ነጠላቸው እንዳይያዝ ባለቤታቸው ጫፉን ይዘውላቸው ነበር፤ ሰባቱንም ጊዜ። ይህን ሳይ ቆይቼ መቀመጥ አቃተኝና ወጣሁ። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ በጫማ ክምር መሐል ቆሟል።

«ይቅርታ» አለኝ። «ቃሌን አፈረስኩ።»

«ቀድመህ ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ብነግርሽ ታሳምኚኝ ነበር።»

ወዲያው ከውስጥ ለክር ማሰር ሥርዓቱ ተጠራን።

ክር ማሰር የሁሉም ነው። ያገባም፣ የፈታም፣ የሞተበትም፣ ሙሽሮቹን የወደደ ሁሉ ቀርቦ በእጃቸው አንጓ ላይ ቀይ ክር ያስርና ይመርቃል። የሙሽሪት እናት ቀድማ አሰረች፤ ለራሷ ልጅ ካሰረች በኋላ የእኔን ልጅ እጅ ይዛ ብዙ ቆየች። ቀጥሎ እኔ ተንበረከክሁ፤ ባለቤቴ ከጎኔ። የእኛ ሰው አንገቱን አስግጎ ምን እንደምል ይጠብቃል። የወላጅ ምርቃት የታወቀ ነው፤ እንደ እናትና አባታችሁ ያድርጋችሁ ይባላል። እሱን ማለት አልችልም። ሌላ ምርቃት ፈለግኩ፤ ስንቱን ሰርግ ስመርቅ የኖርኩ ሴት አንድም አልመጣልኝ አለ። ክሩ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። በመጨረሻ ቋጠርኩትና የልጄን አንጓ ሳልለቅ ያለኝን ሰጠሁት።

«እንደ እኔና እንደ አባትህ አያድርጋችሁ» አልኩ።

የእኛ ሰው ምርቃት ሲሰማ ቃሉን አይመረምርም። ቤቱን የሞላው ሐበሻ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። ያሉት የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ልጄ ግን ገብቶት ነበር። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አሜን» አለኝ።